አልምልም ያሉት ምስክሬ

በአሽከርካሪነቴ ላይ ጥያቄ ያነሳ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ኤደን ወደብ ላይ ከባድ መኪና መንዳት ስጀምር ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር፤ ወደ ተወለድኩበት አገር ስመለስ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። በመሀል ያለውን ዕድሜዬን የጨረስኩት መሪ ጨብጬ ነው። ደሴ ያለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ይህን ሁሉ በጸጥታ አዳመጠና የመለሰልኝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ነገ ና።»

አባቴ የየመን ሰው ነው፤ መካነ ሰላም ላይ ሱቅ ነበረው። እናቴ የዚያው የወሎ ቦረና ልጅ ናት። አባቴ አገሩ ናፍቆት ሱቁን ሲዘጋ እኔን ይዞ ሄደ፤ እናቴ ግን «የእናት አባቴን መቃብር ጥዬ ባሕር አልሻገርም» ብላ ቀረች። ልጅ ነበርኩ። ኤደን ውስጥ «ሐበሻው» እየተባልኩ አደግሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ወሎ ተራበ የሚለው ወሬ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ ያለኝን ሸጥኩና በአሰብ በኩል ገባሁ። ደሴ ስደርስ ደግሞ «አረቡ» ተባልኩ።

የገባሁት ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ በክረምቱ መግቢያ ነው። ዝናቡ ተመልሷል ይባል ነበር። ነገር ግን በሬውን የሸጠ፣ ዘሩን የበላ ገበሬ በዝናብ ብቻ ምን ያርሳል? ሰው አሁንም ከደጋው እየወረደ ደሴ መግቢያ ላይ ይወድቃል። የእርዳታ እህል የሚከማችበት መጋዘን ሄጄ ኃላፊውን አነጋገርኩት። «እህል አለኝ፣ መኪናም አለኝ» አለኝ። «ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ ሾፌር ነው ያጣሁት። ያንን መንገድ ያየ ሁሉ ይሸሻል።» እኔ እሄዳለሁ አልኩት። ደስ ብሎት እጄን ጨበጠኝና መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ። የኤደኑን ሳወጣለት ፊቱ ተለወጠ። በየኬላው ወታደር አለ፤ ያገሩ ፈቃድ የሌለው ሰው የእርዳታ እህል ጭኖ ቢያዝ እሱም እኔም ወህኒ ነን።

«መንገዱ እንደሆነ በክረምት አያስወጣም» አለኝ። «ኅዳር ላይ ጭቃው ሲደርቅ ይከፈታል፣ በልግ ሲጥል መልሶ ይዘጋል። እስከዚያ ፈቃድህን አውጣና ና፤ መኪናዋን ለሌላ አልሰጥብህም።» እስከ ኅዳርማ መንጃ ፈቃድ ቀርቶ ጳጳስነትም ይገኛል ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ።

ከመካነ ሰላም የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ስለ እናቴ የሚያወራልኝ አንድ ዓይነት ነበር። ደህና ናት። ግን ቤቷን ለተራበ መንገደኛ ከፍታ፣ ያላትን እያካፈለች፣ ጎተራዋን አራግፋ ልትጨርስ ነው። ሰው አይታ ማለፍ አትችልም። «ልጄ እህል ይዞ ይመጣል ትላለች» አለኝ አንዱ። እንዲህ ያለችው እኔ ስለላክሁባት ነው፤ መንጃ ፈቃዱን እንዳገኘሁ መኪና ሙሉ እህል ይዤልሽ እመጣለሁ ብያታለሁ።

ለምን በእግርህ አትሄድም ያላለኝ ሰው የለም። ባዶ ጎተራ ላይ ባዶ እጄን ሄጄ ሌላ አፍ ልሁንባት? ደግሞስ ፈቃዱ ነገ ይሰጠኝ የለም እንዴ? ነገ የሚሰጠውን ነገር ጥሎ የስንት ቀን መንገድ በእግሩ የሚሄድ ማን ነው? ደሴ ላይ ቸንክሮ ያስቀረኝ ያ «ነገ» ነው። በግልጽ «አይሰጥህም» ቢሉኝ ኖሮ ያኔውኑ ጆንያ ተሸክሜ እነጉድ ነበር።

ጉዳዬን የያዘው ጸሐፊ የሰይንት ልጅ ነው። ሰይንት ደግሞ ከእናቴ አገር ከቦረና ጋር ድንበርተኛ ስለሆነ፣ በጎረቤቱ ልጅ ላይ እንዲህ መጨከኑ ያንገበግበኝ ነበር። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይሳደብም፣ ጉቦ አይጠይቅም። ቢጠይቅ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «አብሽር ወንድሜ፣ ያልቃል» ይለኛል። ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን አብሽር ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም። እየዋለ ሲያድር ያ «አብሽር» ከስድብ በላይ ይመረኝ ጀመር።

መጀመሪያ የውጭ አገር ፈቃድ አይሠራም፣ እንደ ጀማሪ ትፈተናለህ ተባልኩ። ይሁን አልኩ። ቀጥሎ፣ ለከባድ መኪና ከመፈተንህ በፊት በትንሽ መኪና ፈቃድ መሥራት አለብህ አሉኝ። ወደብ ላይ ቤት የሚያህል ዕቃ ስጎትት ነው የኖርኩት ብላቸው፣ «እዚህ አልጎተትክም» ብለው መለሱልኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ራሱ መጥቶ ለምኖልኝ ይህ ቀረልኝ።

ፈታኙ ቀልድ የማይወድ ሰው ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ «ይኼ ምንድን ነው?» ይለኛል። እኔ የማውቀው በእንግሊዝኛና በአረብኛ ስሙ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚጠራው ጣሊያን ባወጣለት ስም ነው። ክላች ስለው «ፍሪሲዮን!» ብሎ ይቆጣል፣ እንደ ቄስ ተማሪም መላልሶ ያስብለኛል። የትራፊክ መብራት ቢጫ ሲሆን ምን ታደርጋለህ ሲለኝ «መጀመሪያ መብራቱ የተተከለበትን ያሳዩኝ» አልኩት። ደሴን ከላይ እስከ ታች ዞሬያታለሁ፤ አንድም አላየሁማ። እሱ ግን ፈገግም አላለ።

ከዚያ መንዳቱ መጣ። ኤደን እንግሊዝ የገዛው አገር ስለሆነ መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው፤ መሪው በቀኝ ይሆንና ማርሽ በግራ እጅ ይቀየራል። እዚህ ሁሉም የተገላቢጦሽ ነው። ጭንቅላቴ ገብቶታል፤ ግራ እጄ ግን ሊገባው አልቻለም። ማርሽ ልቀይር ስል በሩን በቡጢ እመታዋለሁ። ፈታኙ በሩን አየት አደረገና «በሩ ምን አደረገህ?» አለኝ። ወደቅሁ። ይህን ያህል ዘመን የነዳሁ ሰው፣ ከአፉ ገና ወተት ካልደረቀ ጎረምሳ ጋር ተሰልፌ ወደቅሁ! ያን ቀን ከንዴቴ ብዛት ምሳም እራትም አልበላሁም።

መለማመጃ መኪና የለኝም። ስለዚህ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ የባለቤቲቱን ዘነዘና በቀኜ አቁሜ ማርሽ እያልኩ፣ ግራ እጄን ጉልበቴ ሥር ቀብሬ ስለማመድ ሰነበትኩ። ባለቤቲቱ አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝና «ቢስሚላህ!» ብላ ተመለሰች። እንደገና ልፈተን ስሄድ ፈታኙ ስብሰባ ሄዷል፤ ነገ ና። ስመለስ የመፈተኛው መኪና ናፍጣ የለውም፤ ነገ ና። በመጨረሻ ተፈተንኩና አለፍኩ፣ ማለፌን የሚገልጸው ወረቀት ላይም ባለ ዘውዱ ማኅተም ተመታ። የቀረው የቢሮው ሹም ፊርማ ነው፤ ሹሙ ግን የሉም። ነገ ና።

ሹሙ ሳይገኙ ንጉሡ ወረዱ። ጸሐፊው ወረቀቴን ገለበጠና «ይህ ማኅተም ከእንግዲህ አይሠራም» አለኝ።

«መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ንጉሡ አይደሉም!» ብዬ ጮህኩ።

በቢሮው የነበረው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ንግግር የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ አልነበረም። ጸሐፊው ብቻ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ሸፈነና «አብሽር፣ ያልቃል» አለ። አዲሱ ማኅተም ተቀርጾ እስኪመጣ መስቀልም አለፈ፣ ኅዳርም ገባ። መንገዱ ደረቀ። መኪናዋ መጋዘኑ በር ላይ እንደቆመች ናት፤ በየቀኑ እየሄድኩ አያታለሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ እኔን ሲያይ መደበቅ ጀመረ።

የፊተኛው ሹም ታሰሩ ተባለ፤ አዲስ መጣ። አዲሱ ደግሞ አሮጌው የሠራውን ሁሉ ከሥሩ ካላየሁ አለ። ፋይሌን ከፍቶ የጠየቀው ስለ መንዳቴ አልነበረም። «ይህ ሰው ማን ነው? ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ አረብ?» አለ። አረብ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ያምጣ። ኢትዮጵያዊ ከሆነ ከተወለደበት አገር የታወቀ ሽማግሌ መጥቶ፣ ማንነቱን በመሐላ ይመስክርለት። እኔ መካነ ሰላም ለመሄድ ነው ፈቃድ የምለምነው፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ሰው ከመካነ ሰላም መምጣት አለበት! ጸሐፊው ፊት ቆሜ በአረብኛ ተሳደብኩ። ስድብ መሆኑ ገብቶታል መሰለኝ፤ ውኃ አስመጣልኝ።

በልጅነቴ ቁርአን ያቀሩኝ ሼህ በሕይወት አሉ። ከመካነ ሰላም አቀስታ ገበያ በሚወጡ ባለበቅሎ ነጋዴዎች በኩል ላክሁባቸው። እሳቸው እስኪመጡ ጸሐፊው የሚማልበትን ቃል ማዘጋጀት ጀመረ። አባትህ? አለኝ። ሞቷል። እናትህ?

«እናቴማ አለች! በሕይወት ያለች ብለህ ጻፍ። እዚያው መካነ ሰላም ቤቷ ውስጥ ያለች ብለህ ጻፍ። አገሬ ለመሆኑ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

እንዳልኩት ጻፈ። ቆሜ ከትከሻው በላይ እያየሁ ነው ያስጻፍኩት።

ሼሁ የመጡት ጥር መገባደጃ ላይ፣ ሰማዩ ለበልጉ ደመና መቋጠር ሲጀምር ነው። እስከ አቀስታ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ወረዱ። አቧራ ሸፍኗቸው፣ ሰውነታቸው አልቆ፣ በድምፃቸው ብቻ ነው ያወቅኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል «እናቴ እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሁሉም በአላህ እጅ ነው፣ ልጄ።»

እንደማንኛውም ሽማግሌ መልስ አድርጌ ወሰድኩትና ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቢሮው መሄድ ጀመርኩ። ቆም አሉ። «ዛሬ ልረፍ። እዚህ ደሴ የአገር ቤት ሰዎች አሉን፤ እነሱ ዘንድ አድራለሁ። ነገ በጠዋት ሰብሰብ ብለን ነገራችንን እናደርሳለን።»

ነገ! ከእሳቸውም አፍ ነገ! ደሜ ፈላ። ቢሮው ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፣ ዝናቡ ደርሷል፣ እናቴ እየጠበቀችኝ ነው አልኳቸው። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው ስል ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ደክሟቸው መሰለኝ። ልብሳቸውን እንኳ ሳያራግፉ እየጎተትኩ ወሰድኳቸው።

ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቁርአን አቀረበና ቃሉን ማንበብ ጀመረ። ይህ ሰው የመካነ ሰላም ተወላጅ መሆኑን፤ ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቱ በሞት የተለየ መሆኑን፤ ነቀነቁ። እናቱ በሕይወት ያለች፣ እዚያው መካነ ሰላም የምትኖር መሆኗን አውቃለሁ ብለው ይምላሉ? ሼሁ ወደ ቁርአኑ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«እንዲህ ተብሎ አልምልም» አሉ።

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ። ሼሁን አየ። እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ፋይሉን ዘጋ። «ነገ ኑ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም። ጠረጴዛውን መታሁ። ዲን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች በእውነትም ቢሆን መማል እንደማይወዱ ሰምቼ ነበር፤ «መማል የሚከብድዎት ከሆነ አገርዎ ተቀምጠው ለምን አልነገሩኝም? አላህን መፍራትዎን ለማሳየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት?» አልኳቸው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች እኔን ሳይሆን መሬት መሬት ያያሉ። ሼሁ እጅጌዬን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይላሉ። ለማንም ተነስቶ የማያውቀው ጸሐፊ ከወንበሩ ተነሳና ሼሁን ደግፎ እስከ በሩ ሸኛቸው። እኔን ትቶ ለእሳቸው መነሳቱም አናደደኝ። ጥያቸው ሄድኩና እስኪመሽ ገበያውን ስዞር ቆየሁ።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ብዙ እግር ይሰማል። ስከፍት ሼሁ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ደሴ የሚኖሩ የመካነ ሰላም ሰዎች፣ ባለቤቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ጸሐፊው። ከሼሁ ጋር ሊያስታርቁኝ የመጡ መሰለኝ። ጸሐፊውን «ቢሮ ሳይከፈት ምን አመጣህ?» አልኩት። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ሁሉም ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። የሚያስቀምጥ ነገር የለኝም፣ ሻይ እንኳ ላፍላላችሁ ስል ባለቤቲቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ኤደን ውስጥ ሰው ሲሞት፣ የሰማው ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ይነግርሃል። መንገድ ላይም፣ ሥራ ላይም ብትሆን ይነግርሃል። እዚህ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ የሚደግፈው ሲኖር ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር። ትናንት በዚያ ቢሮ ውስጥ ሳይገባው የቀረ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ገብቶታል። ጸሐፊው «ነገ ኑ» ያለው ገብቶት ነው።

«ልጄ» አሉ ሼሁ። «እናትህ ወደ አኼራ ሄዳለች። ካስጠጋቻቸው መንገደኞች ተስቦ ያዛት። የላክኸው መልእክት እኔ ጋ ሲደርስ ቀብረናት ተመልሰን ነበር። መምጣቴስ አይቀርም ነበር፤ ለመርዶው። የሌለችን ሴት አለች ብዬ በቁርአን እንዴት ልማል?»

አለቀስኩ። ስጨርስ ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። እንደ ሰው አክብረው፣ እንዳልወድቅ ከበው ነው የነገሩኝ፤ ጥሩነታቸው ይገባኛል። ግን በሷ ስም ስጮህ፣ በሕይወት አለች ብለው ይማሉ እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ዝም አለ። ከጭነት መኪናው እንደወረዱ፣ አቧራው ውስጥ ቢነግሩኝ እመርጥ ነበር።

ለቅሶው ሲያልቅ ሼሁና እኔ ቢሮው ሄድን። ጸሐፊው ቃሉን ከመጀመሪያው አነበበና እናቴ ዘንድ ሲደርስ ቆሞ አየኝ። «የለችም ብለህ ጻፍ» አልኩት። ሰረዘና ጻፈ። ሼሁ እጃቸውን ቁርአኑ ላይ አኑረው ማሉ። ሹሙም ነበር፣ ማኅተሙም ነበር፤ መንጃ ፈቃዱ እዚያው ተሰጠኝ። ጸሐፊው ለሌላው ሁሉ የሚለውን እንኳን ደስ ያለህ ለእኔ ሳይለኝ ቀረ፤ ለዚህ አመሰገንኩት።

በማግሥቱ እህሉን ጭኜ፣ ሼሁን ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። በልጉ ገና አልጣለም። በየኬላው ያሉት ወታደሮች ሼሁን አይተው ዱዓ ያስደርጋሉ፣ ገመዱንም ይለቁልናል። መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ ያለ አልነበረም።

መንገዱ እንደተወራለት ክፉ ነው። ከአቀስታ ወዲያ ገደሉ ጎማው ሥር ነው፤ ቁልቁለቱን በትንሽ ማርሽ እየተንፏቀቅን ነው የወረድነው። ቢሆንም ጎህ ሲቀድ ከደሴ ተነስተን ፀሐይ ሳትጠልቅ መካነ ሰላም ገባን። እናቴ ዘንድ ለመድረስ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ነበር።